የዘሩን እህል አታስፈጩን፦ ለዩኒቨርሲቲ ፋውንዴሽን ነቃፊ የተሰጠ ምላሽ

የጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ከምሩቃኖቻቸው ጋር ሆነው ኪነ ጥበብን፣ የሂዩማኒቲስ (የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍና) ጥናትንና የሕዝብ ትምህርትን የሚደግፍ ፋውንዴሽን ያቋቁሙ የሚል ሐሳብ ከተነሣ ሰነባብቷል። ሰሞኑን ደግሞ ሐሳቡን ከሥሩ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ፋውንዴሽን የፈረንጅ ሀብታሞች ወግ ነው፤ ሕፃናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሚማሩበት አገር ለግጥምና ለሥዕል ማዋጣት ቅንጦት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለዚህ የሚሆን የመንግሥት በጀት አላቸው፤ ባንክ የገባ ገንዘብ በዋጋ ንረት ይበላል፤ ከንረቱ የተረፈውን ደግሞ ሹም ይበላዋል፤ ቅኔው እንደሆነ ባለቤት አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ትጠብቀው።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ከነጥቦቹ ሁለቱ እኔንም ያስጨንቁኛል። ነገር ግን ጎጃም ተወልጄ፣ ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ተምሬ፣ ዛሬም እዚሁ እያስተማርሁ የምኖር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«የፈረንጅ ወግ ነው» ከሚለው ልነሣ። ጸሐፊው ለምሳሌ ያመጡት ሃርቫርድን ነው። ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካስቀመጠ ተቋም ጋር ደብረ ማርቆስንና እንጅባራን ማወዳደር አይገባም ይላሉ። የሚያወዳድርም የለም። ሃርቫርድ ራሱ ግን በቢሊዮን አልጀመረም። ስሙን የሰጠው ወጣት ሰባኪ በ1638 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሞት የተናዘዘለት የሀብቱን እኩሌታና 400 ያህል መጻሕፍት ነበር። ይህን ኑዛዜ ለአንድ የደብረ ወርቅ ሽማግሌ ብታጫውቱት የሚደንቀው አይመስለኝም። ሀብትን ለደብር መናዘዝ፣ ዳዊትና ግንዘት አስጽፎ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት እዚህም የኖረ ነገር ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬቱ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፤ እነዚህ የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ጉባኤዎች ለዘመናት የቆሙት በነፋስ አልነበረም። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ መርጡለ ማርያምን እንዳሠሩ ሁሉ ነገሥታቱና መኳንንቱ ደብር ሲተክሉ ሕንፃ ብቻ አቁመው አይሄዱም፤ መሬትም ይተክሉለታል። ጉልቱ፣ ሪሙ፣ የሰሞን መሬቱ የሚሰጠው ከፍሬው ካህኑና መምህሩ እንዲኖሩበት ነው። መሬቱ ይቆያል፣ ፍሬው በየዓመቱ ይበላል። ዛሬ ኢንዶውመንት የሚባለው አሠራር ከዚህ የሚለየው በመሬት ፈንታ ገንዘብ ወይም ቤት በመሆኑ ነው። ጎጃሜ ገበሬም ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም፤ ክረምት መግቢያ ላይ ጎተራው ቢራቆት እንኳ ለዘር የለየውን ጤፍ ወፍጮ ቤት አይወስድም።

ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ። አዋጁን ልነቅፍ አይደለም፤ መሬት ለአራሹ መሆኑ ተገቢ ነበር፣ በጉልት ስም የተሠራው ግፍም ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚያ መሬት ፍሬ ይኖር የነበረው መምህር ከእንግዲህ በምን ይኑር ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። 50 ዓመት አለፈ። የቅኔ መምህሩ ከምእመናን በሚያገኘው፣ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በሚለምነው ቁራሽ እየኖሩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን ያህል ሰው በልጅነቱ ያነጹት ደብረ ኤልያስና ዲማ ነበሩ። ያንን ጉባኤ ያቆመው ምሰሶ ከተነሣ በኋላ በምትኩ ምን አስቀመጥን? ጸሐፊው «የፈረንጅ ወግ» ያሉት ነገር እኔ ዘንድ የአያቶቻችንን ሥራ መቀጠል ነው።

ሕጉም ቢሆን አገርኛ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት ቦታ ሰጥቶታል፦ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ለዘለቄታውና በማይሻር ሁኔታ ለበጎ ዓላማ ብቻ የተለየ ንብረት ማለት ነው። «የማይሻር» የሚለው ቃል አያቶቻችን ጉልት ሲተክሉ ያስገዝቱበት ከነበረው ግዝት ጋር ዘመድ ነው።

«ሕፃናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው» የሚለውን ሳነብ ግን ልቤ ተነክቷል። እውነት ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት በጎጃም ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ደብተሩን ጥሎ እረኛና የቀን ሠራተኛ እንደሆነ እዚህ የምንኖር ሰዎች ከጸሐፊው ባልተናነሰ እናያለን። በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው «መጀመሪያ ወንበር፣ መጀመሪያ ቤተ ሙከራ» ይላሉ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የፋውንዴሽኑን ስም እስከ መጨረሻው ያነበቡት አልመሰለኝም። ኪነ ጥበብ፣ ሂዩማኒቲስ ካለ በኋላ «የሕዝብ ትምህርት» ይላል። በጽሑፋቸው ውስጥ ይህ ሦስተኛው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። የሕዝብ ትምህርት ማለት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ቤቱ ሆኖ የሚያደምጠው የሬዲዮ ትምህርት ነው፤ በወረዳ ከተማ ያለ የንባብ ክፍል ነው፤ መምህሩ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ በማታ የሚያስተምረው ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ውጭ ለሠራተኛውና ለሴቶች ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1873 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። እኛም ልምዱ አለን። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሽማግሌና ባልቴት ሳይለይ ፊደል አስቆጥሯል፣ በዓለም መድረክም ተሸልሟል። ታዲያ ያን ጊዜ ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹ ለምን ተመልሰው ረሱት? እናቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። የምስክር ወረቀቷን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታኖራለች፤ ማንበብ ግን ዛሬ ስሟን ብቻ ነው። ካነበበቻት አንዲት መጽሐፍ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ወደ ቀበሌያችን አልመጣም። ወንበር ቢሠራላት ኖሮ ይህ አይድንም ነበር።

ደግሞስ የወንበሩን ገንዘብ ማን ነካው? ለወንበር የሚያዋጣ ሰው ያዋጣ፤ እኔም አዋጣለሁ። አንድ የደብረ ማርቆስ ምሩቅ ለቅኔ ማስቀረጫ 500 ብር ቢሰጥ ከሕፃኑ ዳስ ላይ ክዳን አልነቀለም።

«በጀት አላቸው» ወደሚለው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያምነው ይህን ነው።

የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ላይ የተፈቀደው ገንዘብ ሰኔ 30 ካልተጠቀሙበት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ የየቢሮው ሰው ወንበር፣ ወረቀት፣ የኮፒ ቀለም ሲገዛ ይከርማል። ለመንገድና ለሕንፃ ይህ ሥርዓት ይሠራ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ግን በዓመት አያልቅም። የአንድን ወረዳ ቃል ግጥም መሰብሰብ፣ መገልበጥ፣ ማመሳከር፣ ማሳተም አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ሥራውን የጀመረው መምህር በሁለተኛው ዓመት በጀቱ ሲታጠፍበት ትቶት ይሄዳል፤ የሚተካው ደግሞ ሌላ ርእስ ይዞ ይመጣል።

ሌላም አለ። አንዲት የደጀን ባልቴት ሙሾ ስታወርድ ቀርጸህ፣ ሙሉ ቀኗን ወስደህ፣ ባዶ እጅህን ልትመለስ ነውር ነው። ለቡናዋና ለድካሟ ትንሽ ብር ትሰጣለህ። ግቢ ስትመለስ ፋይናንስ «ደረሰኝ አምጣ፣ ቲን ቁጥሯስ?» ይልሃል። የፋይናንስ ሠራተኛው አላጠፋም፤ ደንቡ ነው። ግን በዚህ ደንብ የቃል ቅርስ መሰብሰብ አይቻልም። ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ወይም ሥራውን ትተዋለህ።

ካሴቱን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ክፍላችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዛወር ደረጃ ሥር የተከማቸ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ በየዓመቱ የተመረቁ ተማሪዎች ለዲግሪ ማሟያ ከየአገራቸው የሰበሰቡት ነው፦ የሠርግ ዘፈን፣ ፉከራና ቀረርቶ፣ የእረኛ ጨዋታ፣ ሙሾ። ጽሑፎቹ ከታች ውኃ ጠጥተው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ካሴቶቹ 11 ነበሩ። አንደኛዋ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሙሾ፣ ጎን ሀ» ተብሎ ተጽፏል፤ የአልቃሿ ስም የነበረበት ቦታ ፈስሶ ጠፍቷል። ቤት ወስጄ ክሯን በቢክ እስክሪብቶ እያዞርሁ አላቀቅኋት፣ ሻጋታውን በጥጥ ጠረግሁ፣ ከጎረቤት ቴፕ ተበደርሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ወፍራም፣ ቀስ ያለ፦ «እኔስ መስሎኝ ነበር…» አለች። ቀጥሎ ክሯ ተጨማደደችና ድምፁ ሰመጠ። የመሰላት ምን እንደነበር አላወቅሁም። ደግሜ ብሞክር ክሯ ተበጠሰች።

ያንን ተማሪ ለመስክ ሥራ የላከው በጀት ነበር፣ የመራው መምህር ደመወዝ ይከፈለው ነበር፣ ሕንፃውም የመንግሥት ነው። በጀቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ከዓመቱ ቀጥሎ ላለው ዓመት ግን ማንም አላሰበም። በቀጣይነት የሚጠብቅ ሰው፣ ደረቅ ክፍል፣ ካሴቱን ወደ ዲጂታል የሚገለብጥ መሣሪያ፤ እነዚህ ሰኔ 30 የሚዘጋ በጀት ሊያኖራቸው የማይችል ነገሮች ናቸው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከተመሠረተበት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያን ያህል ቅርስ ሊይዝ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ከመንግሥት በጀት ውጭ «የተቋሙ ወዳጆች» የተባለ ማኅበር አሰባስቦ መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ ብራናውን እየገዛ ስለሰጠው ነው። በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር፣ በወዳጅ ገንዘብ። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «አገሪቱን የሚያሳድጋት ኢንጂነሪንግ ነው» የሚል ሐረግ አስገብተዋል። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ ይግባ የተባለበትን ዘመን አይተነዋል፤ በቋንቋና በታሪክ ክፍሎች ላይ የተጫነው አሁንም አልወረደላቸውም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሁለት ተቋማት ጋብቻ ነው፦ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የቆመው ፖሊቴክኒክ («ፖሊ») እና በ1965 የተከፈተው መምህራን የሚሠለጥኑበት ፔዳ። አንዱን እግር ቆርጦ በሌላው ሩጥ ማለት ነው የጸሐፊው ምክር።

የዋጋ ንረት ነገር ከነቀፌታዎቹ ሁሉ የከበደኝ ነው፤ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 10 ሚሊዮን ብር ሰብስቦ በቁጠባ ደብተር አስቀምጦ በዓመት 700 ሺህ ወለዱን መብላት የዘሩን እህል ለነቀዝ መስጠት ነው። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሳቱት ፋውንዴሽን ሁሉ የባንክ ደብተር ነው ብለው በማሰባቸው ነው። በየከተማው ያሉ አድባራት ይህን ከኢኮኖሚስት ቀድመው አውቀውታል፤ በቅጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ፣ ኪራዩም ከገበያው ጋር ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው ከተማ ውስጥ ለሚሠራ የሚከራይ ሕንፃ ቦታ ቢሰጥ፣ ምሩቃኑ ቢሠሩት፣ ከኪራዩ ከፊሉ ለዕድሳትና ለመጠባበቂያ ተመልሶ ቀሪው ብቻ ለሥራ ቢውል ዘሩ አይነቅዝም። አክሲዮንም አለ፤ ጥር 2017 የካፒታል ገበያው ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ትንሽ ሰፍቷል። ሃርቫርድም ቢሆን በዓመት ከሀብቱ የሚያወጣው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህቺን ቁጥብነት እንኳ ብንወስድ ጥሩ ነው።

ሹም ይበላዋል ለተባለው መከላከያ የለኝም፤ ሊበላው ይችላል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ቢያስርም ወረቀት ብቻውን ሌባ አይይዝም። እኔ የማምነው ዕድራችንን ነው። በዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ያልተማረ የሚባለው ሕዝብ ይህን ያህል ጠንቃቃ ከሆነ ዶክተሮችና ፕሮፌሰሮች ያሉበት ቦርድ ምን ያግደዋል? እንዲያውም የቦርዱ አብላጫ ከዩኒቨርሲቲው አመራር ውጭ ይሁን፤ ፕሬዚዳንት ሲሾምና ሲሻር ገንዘቡ አብሮት አይሹም አይሻር። ከገጠሩም አንድ የዕድር ዳኛ ይግባበት። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው፤ ሒሳብ ማስነበብ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው «ቅኔ ባለቤት አለው» የሚለው ነው። አዎ አለው። ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ቤት ይክፈት፣ የኔታን ፈተና ያስፈትን ያለ የለም። እኛ ሳንይዘው ግን ሌሎች ይዘውታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘው ሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት በአውሮፓ ጦርነት መጻሕፍትን እንዳያጠፋ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በኋላም ከአገራችን ጋር በተሠራው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ የሚበልጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች በፊልም ተይዘዋል። የጀርመኑ ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፎቶ አንሥቷቸዋል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ አምስት ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጅቶ ጨርሷል። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ጦርነት የሚያስፈራው ዛሬ ማን አገር ነው? የጣና ብራና ለማንበብ የባሕር ዳር ተማሪ የሐምቡርግን ደጅ መጥናት አለበት ማለት ነው? ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለብቻዋ አትችለውም፤ ልትችለው የምትችልበት መሬት እንዴት እንደሄደ ከላይ ተናግሬአለሁ። ጥበቡም የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ የአዊ ፈረሰኞች ጨዋታ፣ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ ካሴቷ ላይ የቀረችው ባልቴት የየትኛው ደብር ናቸው?

ባለፈው ጥቅምት ወደ አንድ የቅኔ ጉባኤ ሄጄ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደረስሁ። የኔታ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎች በተራ እየቀረቡ የቆጠሩትን ያሰማሉ። አንድ 14 ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ አኮፋዳው ከጎኑ፣ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናውን፣ ሲዘርፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ የኔታ ቀና አሉ። ወርቁ ገብቷቸዋል። «ይበል!» አሉ፣ ተማሪው ሁሉ «ይበል!» አለ። እኔም ወረቀት ስፈልግ ቅኔዋ አመለጠችኝ። ልጁን እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት፤ ሣቀና «ቅኔ አይደገምም፣ ነገ ሌላ ነው» አለኝ። የኔታን ስሰናበት ዩኒቨርሲቲ ሊረዳዎት ቢመጣ ምን ይሻሉ አልኋቸው። ጥቂት አሰቡ። «ለልጆቹ ዝናብ የማያስገባ ጎጆ» አሉ። ከዚያ ወደ ደብተሬ አመለከቱና «ለእኔ ደግሞ እንደ አንተ ሳይሆን፣ ቶሎ የሚጽፍ ሰው» አሉኝ።